ሰራተኛ ሳልቀንስ ይሄን ጊዜ ማለፍ እችላለሁ ወይ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ ነሳኝ። ጣና ዳር ምግብ ቤትና ጥቂት አልጋ አለኝ፣ 23 ሰራተኛ አሉኝ፣ እንግዳ ጠፋ፣ ግማሹን ላሰናብት ወይስ ሁሉንም ይዤ አብሬ ልክሰር ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ባህርዳር ሆቴል ቤት ፔሮል ስሰራ 11 አመቴ ነው። አንዱ ቤት ሲያሰናብት አይቻለሁ፣ አንዱ ቤት ሰውን ይዞ ሲያልፍ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ጋ ደሞዙን የምሰራው እኔ ነበርኩ። ስለዚ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ያሰናበተው ቤት መጋቢት 2012 ላይ ነው። ኮሮና ገባ ሲባል የቱሪስት ቡድኖቹ በአንድ ሳምንት ተሰረዙ፣ ለዘጌና ለደሴት ገዳማቱ ተይዞ የነበረው ጀልባ ሁሉ ቀረ፣ ባለቤቱ ደነገጠ፣ 19 ደብዳቤ ተይቦ እኔ ነኝ በእጄ ያደልኩት። አንዷ አልጋ አንጣፊ ደብዳቤውን ሳታነበው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "ነገ ስንት ሰዓት ልግባ" አለችኝ። እስካሁን አልረሳትም። ሚያዝያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ሰራተኛ ማሰናበት ተከለከለ፣ እኛ ግን ቀድመን ጨርሰን ነበር። ከዛ ጥር ላይ ሰርግና ስልጠና ሲመጣ የድሮዎቹን ብንፈልግ የሉም፣ ዋናው ወጥ ቤት ሌላ ሆቴል ገብቷል፣ ሁለቱ አረብ ሀገር ሄደዋል፣ ቀረሶ የሚባለውን አሳ ሲበልት እሾህ የማያስቀረው ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል። አዲስ የቀጠርናቸው እስኪለምዱ ሶስት ወር ፈጀ፣ ደንበኛ አሳው ውስጥ እሾህ እያገኘ ይመልሳል። የቀሩትም ቢሆኑ ልባቸው እኛ ጋ አልነበረም፣ ቀጣዩ እኔ ነኝ እያሉ በስራ ሰዓት ሌላ ስራ ያፈላልጉ ነበር።

ደግሞ ማሰናበት ርካሽ እንዳይመስልሽ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት ለቅነሳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ፣ የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው፣ ከዛ ለእያንዳንዱ አመት የዛ ሲሶ ይጨመራል፣ በቅነሳ ምክንያት ሲሆን ደግሞ ሌላ የ60 ቀን አለ። 6 አመት ያገለገለች ሴት ብታሰናብቺ 80 ቀን ሲደመር 60፣ 140 ቀን ማለት ነው፣ ማስጠንቀቂያው ሲጨመር 200 ቀን። በዚ ብር ግማሽ ደሞዝ እየከፈልሽ ከአንድ አመት በላይ ታቆያታለሽ፣ ያውም እየሰራችልሽ። እስኪ ካልኩሌተር ይዘሽ በራስሽ ሰራተኞች አስቢው።

ሁለተኛው ቤት ሀምሌ መጨረሻ 2015 ነው። መቼስ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በክልላችን ግጭቱ ሲነሳ በረራ ለቀናት ቆመ፣ ዳታ ጠፋ፣ ሰዓት እላፊ መጣና የእራት ገበያ ሞተ። 31 ቋሚ ሰራተኛ ነበርን። ባለቤቷ ሶስተኛው ቀን ላይ ሁላችንንም፣ ዘበኞቹንም ጨምረው፣ ማንጎው ስር ሰበሰቡንና መዝገቡን ገለጡት። ባንክ ያለው ይሄ ነው፣ የባንክ ብድር በወር ይሄን ያህል፣ መብራት ይሄን ያህል፣ ደሞዛችሁ ይሄን ያህል፣ እንዳለ ብንከፍል ሁለት ወር አይሞላም አሉ። እኔ ፈርቼ ነበር፣ ሰው ተደናግጦ ይበተናል ብዬ። ግን ሰው የሚበተነው ሹክሹክታ ሲሰማ እንጂ ቁጥሩን ሲያይ አይደለም፣ የዛን ቀን ነው የገባኝ።

ከዛ እሳቸው ከቤቱ ምንም ላይወስዱ ወሰኑ፣ ስራ አስኪያጁና እኛ ቢሮ ያለነው ግማሽ ደሞዝ፣ ሌላው በሁለት ፈረቃ ተከፍሎ 15 ቀን እየሰራ 15 ቀን ያርፋል፣ ደሞዙም በዛው ልክ። መጀመሪያ ያልተወሰደ የአመት ፈቃድ ያላቸው እሱን ወሰዱ፣ በሙሉ ደሞዝ ማለት ነው። ሁሉም በቃለ ጉባኤ ፈረመ። ይሄን አደራ፣ ደሞዝ ያለሰራተኛው ስምምነት መቀነስ አይቻልም፣ በቃል ብቻ ካደረግሽው ነገ ፍርድ ቤት ነሽ።

አንድ ነገር ግን ተሳስተን ነበርና አንቺ እንዳትደግሚው። የአስተናጋጅ ኑሮ ደሞዙ ላይ አይደለም ያለው፣ ሰርቪስ ቻርጁና ቲፑ ላይ ነው። ግማሽ ደሞዝ ስንል ለዘበኛው ግማሽ ነው፣ ለአስተናጋጁ ግን ሲሶም አልሞላ፣ እንግዳ የለማ! በሁለተኛው ወር ነው ያየነው፣ አንዱ ልጅ የቤት ኪራይ አቅቶት ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ። ከዛ በኋላ ባዶ አልጋ ላይ አሳደርነው፣ የሰራተኛ ምግብም በእረፍት ፈረቃ ላይ ላሉትም እንዲሆን ተደረገ። እቁባችንንም ተነጋግረን እጣውን ትተን ለቸገረው አስቀደምን።

ስራ ደግሞ ፈለግን። ምድጃው ባዶ ከሚውል ዳቦ ጋግረን ለሰፈር መሸጥ ጀመርን፣ ላውንደሪውን ለውጭ ሰው ከፈትነው፣ ለቢሮዎች ምሳ በሳህን አደረስን፣ አትክልተኛውና ዘበኞቹ ክፍሎቹን ቀለም ቀቡ። ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን የብድሩን ወለድ ያህል ይሸፍን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በኮሮና ጊዜ ያደረገው እኮ ይሄንኑ ነው፣ መንገደኛ ሲጠፋ ወንበሩን ነቅሎ አውሮፕላኑን ካርጎ አደረገው። አሜሪካ ክሊቭላንድ ያለው ሊንከን ኤሌክትሪክ፣ የብየዳ ማሽን የሚሰራው፣ በፈረንጆቹ ከ1958 ጀምሮ የተወሰነ አመት ለቆየ ሰራተኛ የስራ ዋስትና በመስጠት የታወቀ ድርጅት ነው፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሰዓት ይቀንስ ነበር እንጂ ሰው አይቀንስም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ሲወድቅበት የፋብሪካ ሰራተኞቹን አሰልጥኖ ማሽን ሽጡ ብሎ ነው የላካቸው። ብቻ እነሱ በደህና ጊዜ ያስቀመጡት ብር አላቸው፣ እኛ የለንም፣ ለዛ ነው በመጀመሪያው ሳምንት መጀመር ያለብሽ፣ ብሩ ካለቀ በኋላ ስብሰባ ብትጠሪ የምትካፈሉት ነገር የለም።

ሁሉም ተረፈ ብዬ አልዋሽሽም። በጊዜያዊነት ይሰሩ የነበሩ 4 ልጆች ስብሰባው ላይም አልተጠሩም፣ ሄዱ፣ እሱ እስካሁን ያሳዝነኛል። ከቋሚዎቹ 3 በራሳቸው ለቀቁ። 28ታችን ግን ነበርን፣ እንግዳ መመለስ ሲጀምር በማግስቱ ሙሉ ሜኑ ነው ያወጣነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እንኳ ካልቻልሽ ከማሰናበት በፊት የስራ ውል ማገድ የሚባል አለ። በአንቺ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ቢያንስ 10 ተከታታይ ቀን ስራ የሚያስቆም ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ ለሰራተኛ ጉዳይ ቢሮ በጽሁፍ ታሳውቂያለሽ፣ ቢሮው አይቶ ከ90 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይፈቅዳል። ደሞዝ አይከፈልም፣ ውሉ ግን አይፈርስም። ሶስት ወር ያለ ደሞዝ ከባድ ስለሆነ እኔ የመጨረሻ ነው የማደርገው።

የተፈራረምንበት ቃለ ጉባኤ ኮፒው አለኝ፣ ስሞቹን አጥፍቼ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጊልኝ። ከስብሰባው በፊት ግን የእያንዳንዱን ሰው ደሞዝ፣ የሰርቪስ ቻርጅ ድርሻና ያልተወሰደ ፈቃድ በአንድ ወረቀት አውጪው፣ 23 ሰው ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል።