ሰስባኒያ ባሕር ዛፍ አይደለም

ጥያቄ፦ ከችግኝ ጣቢያ ያመጣሁትን ሰስባኒያ የሚባል የመኖ ዛፍ እርከኔ ላይ ተክዬ ነበር። አምና አምሮ ከእኔ ቁመት በለጠ። ላሟም ወደደችው። ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ መልሶ ያቆጠቁጣል ብለን ቆርጠን አበላናት። ጥቂቱ አቆጥቁጦ ደረቀ፣ አብዛኛው እንደተቆረጠ ቀረ። ምን በሽታ ይሆን? የሚረጭ መድኃኒት ካለ ንገሩኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ጤፍህን ያቀጭጨዋል፣ ንቀለው» ይሉኛል። (ከምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ)

መልስ፦ መድኃኒት አይግዙ። ስለ ትልም ሆነ ስለ ቅጠል መጠውለግ ምንም አልነገሩኝም። ሳይቆረጥ ደህና የነበረ ተክል ተቆርጦ ከሞተ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማጭዱን ነው። ምናልባት ከሥሩ፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ሳይል ቆርጣችሁታል። የተረፈውን ጥቂት ቡቃያ ደግሞ፣ ማሳው ከታጨደ በኋላ የተለቀቁት ከብቶችና ፍየሎች ሳይጨርሱት አልቀሩም።

ይህን ስሕተት በየወረዳው አየዋለሁ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ ስንቆርጥ ኖረናል፤ በተለይ በእናንተ በኩል የባሕር ዛፍ ጉቶ የሌለው ደጅ ብዙ የለም። ባሕር ዛፍ ከመሬት አስጠግተው ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እጃችን ያን ስለለመደ ዛፍ ሁሉ እንደዚያው ይመስለናል። ሰስባኒያ ግን ዝቅ ተደርጎ ከተቆረጠ አብዛኛው አይነሣም። አዲስ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ከፍ ካለው ግንድ ላይ ነው፤ ለዚያም ጥቂት ቅጠል ሊቀርለት ይገባል። እባካችሁ ይህን ተክል እንደ ሣር አትጨዱት።

አሁን የቆመውን ሁሉ ነቅለው አይጣሉ። ልጡን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው፤ ዙሪያውን እሾህ ያድርጉለትና እስከ ክረምት አይንኩት። ውስጡ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ለማገዶ ይሁን።

ለወደፊቱ አንድ ነገር ብቻ ይያዙልኝ፦ ከመሬት ሁለት ክንድ ለክተው ከዚያ በላይ ይቁረጡ። አንድ ዱላ በሁለት ክንድ ልክ ቆርጠው ለልጆቹ ይስጧቸው። ቆራጩ ዱላውን ግንዱ አጠገብ አቁሞ ከጫፉ በላይ ይቁረጥ፣ ከዚያ በታች ማንም አይንካ። ሁልጊዜም ቅጠል ያለው አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ ይተዉለት፤ መላጣ አያድርጉት። ማጭዱ ወይም ገጀራው የተሳለ ይሁን፣ ቁርጡም ዘመም ይበል። የደነዘዘ ስለት ልጡን ይገሽልጠዋል፣ ያ ቁስል ደግሞ ግንዱን ያደርቀዋል።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ችግኙ ከሰው ቁመት ሳይበልጥ አይቁረጡት። ከበለጠ በኋላ አንዱን ቆረጣ ሐምሌ ላይ ጤፍ ከመዝራትዎ በፊት፣ ሌላውን መስከረም አጋማሽ ላይ ያድርጉት። ያኔ መሬቱ ርጥበት ስላለው ቶሎ ያገግማል። ከጥር እስከ ግንቦት ግን ስለት አያስነኩት። «መኖ የሚጨንቀን እኮ ያኔ ነው!» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለዚህ የመስከረሙን ቅጠል በጥላ አድርቀው በጆንያ ያስቀምጡት፤ መጋቢት ላይ ከጤፍ ጭድ ጋር ቀላቅለው ይሰጧታል። ከምትበላው ሁሉ ሲሶውን እንዳያልፍ ብቻ ይጠንቀቁ።

የጎረቤቶችዎን ሐሳብ በከፊል እቀበላለሁ። ሳይቆረጥ ከቀረ ከእርከኑ ሥር ያለውን ጤፍ ጥላው ይይዘዋል፤ የሐምሌው ቆረጣ ይህንንም ይፈታል። ነገር ግን ሰስባኒያ እንደ ባቄላና አተር የጥራጥሬ ዘመድ ነው። ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች አማካይነት ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ መሬቱን ያለማል። ጤፍ የሚያቀጭጨው ከማሳ ዳር የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ያንን ንቀል የሚልዎ ጎረቤት ግን ያለ አይመስለኝም። ዛፍ ከሰብልና ከከብት ጋር ማኖር ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውንና እንሰቱን ያለማው ከዛፍ ሥር ነው። በምሥራቅ ሸዋም ገርቢ የሚሉት ግራር በክረምት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ከሥሩ ጤፍና ስንዴ ይዘሩበታል። የእርስዎ እርከን ደግሞ አፈሩንም ይይዛል፣ ላሟንም ይመግባል።

ዘርም መግዛት የለብዎትም። ከተረፉት ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት ዛፎች ሳይቆርጡ ይተዉና ቆባው ቡናማ ሲሆን፣ ሳይፈነዳ ይልቀሙት። ፍሬው ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አፍልተው ጥቂት በረድ ሲል ያፍስሱበትና ያሳድሩት። ዝናቡ ሰኔ ላይ ሲጸና እዚያው እርከኑ ላይ በየአንድ ክንዱ ሦስት ሦስት ፍሬ ይዝሩ፤ ሲበቅል ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን ይንቀሉ። ሰስባኒያ ዕድሜው አጭር ነውና በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢተኩ እርከኑ ባዶ አይሆንም። መካከሉ ላይ ደሾ ሣር ቢጨምሩበት ደግሞ የተሻለ።

ቅጠሉን ለላሟ፣ ለበጎችና ለፍየሎች መስጠት ይችላሉ። ለዶሮ ግን አይስጡ፤ በተለይ ጫጩቶቹን ይጎዳል።