ሆቴል ካሊፎርኒያ የሰይጣን ቤት ነው እንዴ?

ወንድሜ፣ «ሆቴል ካሊፎርኒያን በጣም እወደዋለሁ፤ ግን የሰይጣን ዘፈን ነው፣ አትስማው ይሉኛል። ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ለዓመታት ጊታር ተጫውቻለሁ። ይህ የአሜሪካው ባንድ የዘ ኢግልስ ዘፈን ያልተጠየቀበት ማታ ትዝ አይለኝም። ሆቴል ተቀምጦ «ከዚህ መውጣት የለም» የሚል ዘፈን መምረጥ የጤና ነው?

መጀመሪያ ከሰይጣኑ እንገላገል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 «የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን» የሚባል ድርጅት ተመሥርቷል። የመሥራቹ መጽሐፍ በ1969 ወጣ። ዘፈኑ ውስጥም 1969 የሚል ቁጥር አለ። በቃ፣ ሰው ገጣጠመው። ግጥሙን በዋናነት የጻፈው የባንዱ አባል ዶን ሄንሊ ግን ዘፈኑ ከየዋህነት ተነስቶ የዓለምን ጉድ እስከማየት ያለ ጉዞ ነው የሚለው።

እኔም የሚገባኝ እንደዚያ ነው። መንገደኛው ደክሞታል፤ በረሃ ላይ መብራት አየና ገባ። ማንም አላስገደደውም። ሻማ ይዛ የተቀበለችው ሴትዮ ራሷ ናት በኋላ «ሁላችንም በገዛ እጃችን የታሰርን ነን» የምትለው። ድሎቱ ነው ያሰራቸው። አውሬውን በቢላ ይወጉታል፣ አይሞትም። ሰይጣን ፈላጊዎች እዚህ ጋ ይጮኻሉ። ለእኔ አውሬው የራሳቸው ሱስና አምሮት ነው። ቢላው የብረት፣ በእንግሊዝኛው «ስቲሊ»፣ መሆኑ ደግሞ ስቲሊ ዳን ለሚባለው ባንድ የተወረወረች የሙያ ጓደኞች ቀልድ ናት። እዚያ ላይ ሚስጥር ፍለጋ አትድከም።

ዋናው መስመር ሌላ ነው። መንገደኛው ወይን ሲያዝ የአስተናጋጆቹ አለቃ፣ ካፒቴኑ፣ «ያ መንፈስ ከ1969 ወዲህ እዚህ የለም» ይለዋል፤ በእንግሊዝኛ «ስፒሪት» መጠጥም መንፈስም ማለት ነው። ዘ ኢግልስ አልበሙን ያወጡት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1976 ነው። ዉድስቶክ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ድግስ ላይ ያ ሁሉ ወጣት በሙዚቃ ዓለምን እንቀይራለን ያለው በነሐሴ 1969። በሰባት ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ተስፋ ወደ ገንዘብና ወደ ኮኬይን ዞረ። የካፒቴኑ መልስ ትዝብት ነው።

አሁን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ቁጠረው። አልበሙ የወጣው ኅዳር 1969 ዓ.ም. ላይ ይውላል! ፒያሳ ያደጉ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩን። ዘፈኑን ይጠይቁና እዚህ መስመር ላይ ሲደረስ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። አንድ ቀን ምክንያቱን ስጠይቃቸው «አየህ ልጄ፣ የእኛም መንፈስ ያለቀው በ1969 ነው» አሉኝ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ አዲስ አበባ ውስጥ የረገፈውን ወጣት ማለታቸው ነው። ብዙዎቹ የሚያውቋቸው ልጆች ነበሩ። ሄንሊ ይህን አስቦ አልጻፈም፤ ሊያስብም አይችልም። ግን እሳቸውን «ተሳስተዋል» የሚል አንደበት የለኝም። ለዓመታት የተጫወትኩት መስመር ከዚያ በኋላ ነው ክብደቱ የተሰማኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ተቆርጦ የሚለቀቀውን አትስማ፤ ስድስት ደቂቃ ተኩሉን ሙሉውን ስማ። ግጥሙ ካለቀ በኋላ የባንዱ ጊታሪስቶች ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ ሁለት ደቂቃ ያህል በጊታር ይቀባበላሉ። ሰውዬው መውጣት አለመውጣቱን ማንም አይነግርህም። እኔ አልወጣም ባይ ነኝ፤ ኮርዶቹ ከመግቢያው ጀምሮ የነበሩት ናቸው፣ እየዞሩ እዚያው ይመለሳሉ። ወጥቷል የምትሉ ካላችሁ ማስረጃችሁን አምጡ።