የዕይታ ነርቭ ሳይንስ ፖስትዶክ፦ የቤተ ሙከራው ዝና ወይስ ይዘውት የሚወጡት ጥያቄ?

ጠያቂያችን፣ የዶክትሬት ጥናትዎን ለማጠናቀቅ እንደተቃረቡና ሁለት የድኅረ ዶክትሬት (ፖስትዶክ) ግብዣዎች እንደቀረቡልዎ ገልጸው፣ የትኛውን ልምረጥ ብለው ጠይቀዋል። አንዱ በአይጥ ዕይታዊ ኮርቴክስ (ዕይታን በሚያስተናግደው የአንጎል ውጫዊ ንጣፍ) ላይ፣ ኒውሮፒክስልስ በተባለው የነርቭ ሕዋሳትን ምልክት በሚቀዳ ኤሌክትሮድ የሚሠራ ስመ ጥር ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ሌላው የጦጣን ትኩረትና የዓይን እንቅስቃሴ የሚያጠና አነስተኛ ቡድን ነው። በዚህ መስክ ፖስትዶክ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ከዚያም ወዲህ አመልካቾችን በመምረጥ ስለተሳተፍኩ፣ የማምንበትን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

ከዝናው በፊት ሊመዝኑት የሚገባው፣ ከቤተ ሙከራው ሲወጡ የራስዎ ብለው ይዘውት የሚሄዱት የምርምር ጥያቄ መኖር አለመኖሩን ነው። የመምህርነት ቅጥር ኮሚቴ የሕትመት ዝርዝርዎን ካየ በኋላ የሚጠይቅዎ ከኃላፊዎ ተለይተው ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ነውና፤ ጥሩ ጽሑፍ ያላቸው አመልካቾች እዚህ ጥያቄ ላይ ሲቸገሩ አይቻለሁ።

በመስካችን የሚታወቀው የሁለቱ የዕይታ ተመራማሪዎች፣ የዴቪድ ሂዩበልና የቶርስተን ዊዝል፣ ታሪክ ይህን በሚገባ ያሳያል። ሁለቱም በጆንስ ሆፕኪንስ ወደ ስቲቨን ኩፍለር ቤተ ሙከራ የገቡት ገና ጀማሪ ተመራማሪዎች ሳሉ ሲሆን፣ አብረው መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። ኩፍለር የድመት ሬቲና ጋንግሊዮን ሕዋሳት (ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያስተላልፉት) በተቀባይ መስካቸው፣ ማለትም ምላሽ በሚሰጡበት የዕይታ ክልል፣ መሃልና ዙሪያ ለሚያርፍ ብርሃን ተቃራኒ ምላሽ እንደሚሰጡ በ1953 አሳትሞ ነበር። ወጣቶቹ ያንኑ ጥያቄ ወደ ኮርቴክስ ወሰዱት፤ የ1959ኙ የመጀመሪያ ትልቅ ጽሑፋቸውም የወጣው በሁለቱ ስም ብቻ ነው። በ1981 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው የምርምር መስመር የተጀመረው እንዲህ፣ ጥያቄውን ለወጣቶቹ በተወ ኃላፊ ሥር ነው። እንዲህ ያለ ልግስና ዛሬም አለ፤ ነገር ግን በሁሉም ቤት አይገኝም።

የእንስሳው ምርጫም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አይጥ የዘረመል መሣሪያዎችን በስፋት ለመጠቀም ያስችላል፤ በ2017 ይፋ የሆነው ኒውሮፒክስልስም በአንድ ጊዜ ከ384 መቅጃ ነጥቦች ስለሚቀዳ ብዙ መረጃ በአጭር ጊዜ ይሰበሰባል። ሆኖም የአይጥ ሬቲና ፎቪያ (ጥርት ያለ ዕይታ የሚሰጠው የሬቲና ማዕከል) የለውም፣ የዕይታዋ ጥራትም ከጦጣና ከሰው እጅግ ያነሰ ነው። ጥያቄዎ ዓይን ነገሮችን መርጦ ስለሚያተኩርበት መንገድ ከሆነ፣ የመሣሪያው ዘመናዊነት ይህን ጉድለት አይሞላም። በጦጣ መሥራት በበኩሉ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ እንስሳውን ዓይኑን በአንድ ነጥብ ላይ እንዲያሳርፍ ማሠልጠን ብቻውን ወራት ሊወስድ ይችላል፣ የመጀመሪያው ጽሑፍም ዓመታት ይዘገያል። ስለዚህ አነስተኛውን ቡድን ከመረጡ፣ እየተጠባበቁ ሳሉ ቀድሞ የተቀዳ መረጃ ተንትነው ማሳተም ይፈቀድልዎ እንደሆነ ከወዲሁ ይስማሙ። አለን ኢንስቲትዩት የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ያዘጋጃቸው የአይጥ ዕይታዊ ኮርቴክስ ቅጂዎች ለሁሉም ክፍት ናቸውና፣ አንድን ሐሳብ ኤሌክትሮድ ሳይነኩ መሞከር ይቻላል። የትንተና ኮድ በጥንቃቄ መጻፍን የተማረ ሰው በየትኛውም ቤት ተፈላጊ ነው፤ ከአካዳሚ ቢወጣም ይጠቅመዋል።

የፌሎውሺፕ (ለተመራማሪ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) ቀነ ገደብ የሚቆጠረው ለማመልከት ካሰቡበት ቀን ሳይሆን ከዲግሪው ወይም ከሥራው መጀመሪያ ነው። የአውሮፓው የማሪ ስኮውዶቭስካ ኩሪ ፌሎውሺፕ ዶክትሬት ከተያዘ 8 ዓመት ያልሞላውን፣ ባለፉት 36 ወራትም በአስተናጋጁ አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖረውን አመልካች ይፈልጋል። ቀድመው ወደ አገሩ ተዛውረው ቆይተው ማመልከት ዕድሉን ሊዘጋብዎ ስለሚችል፣ ከመሄድዎ በፊት ያመልክቱ።

ውል ከመፈረምዎ በፊት ኃላፊውን በግልጽ፣ «ስወጣ የትኛውን የፕሮጀክቱን ክፍል ይዤ መሄድ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ያስቀሩት። ከዚያም ቤተ ሙከራውን ለቀው የሄዱትን፣ በተለይ ከአካዳሚ የወጡትን ጭምር፣ ለብቻቸው ያነጋግሩ። እነዚህ ሰዎች ኃላፊው ረቂቅ ጽሑፍን በስንት ጊዜ አንብቦ እንደሚመልስ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ፖስትዶኮችን ያሠማራ እንደሆነና የድጋፍ ደብዳቤ በሰዓቱ ይጽፍ እንደሆነ በትክክል ያውቃሉ። የትልቁ ቤት የቀድሞ ባልደረቦች በእነዚህ ላይ የሚያረካ መልስ ከሰጡዎ ወደዚያ ይሂዱ፤ ካልሰጡዎ ግን እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ትንሹን ቡድን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።