ብርድ ነው ብለህ ኢፖክሲ ላይ ሃርድነር አትጨምር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ሱሉልታ ነው የምኖረው ብለሃል። የሃይድሮፎይል ክንፍ (ከቦርድ ሥር ውሃ ውስጥ ሆኖ ሰውን ከነቦርዱ ከውሃ በላይ የሚያነሳ) በእጅህ ሠርተህ ቢሾፍቱ ላይ በጀልባ እየተጎተትክ መንዳት ትፈልጋለህ። አንድ የፋይበር ግላስ ባለሙያ ደግሞ «በሁለት ቀን እንጨርሰዋለን» ብሎሃል። እባክህ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ይህን አንብብ። እኔ ገላን ነው ያለሁት። ሁለት ክንፍ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ውሃ ላይ ተሰበረ፤ ሁለተኛው እስካሁን ይዞኝ ይነሳል።

«ባሕር በሌለበት አገር ምን ያደርግልሃል» የሚሉህን አትስማ። ፎይል ማዕበል አይፈልግም። ጣልያናዊው ኤንሪኮ ፎርላኒኒ በ1906 እ.ኤ.አ. ባለክንፍ ጀልባውን የሞከረው ማጆሬ ሐይቅ ላይ ነው። እኛም ሐይቅ አለን። ውሃ ከአየር ከ800 እጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ ከክንድህ ብዙም የማይረዝም ክንፍ አንተን ከነቦርድህ ያነሳል።

1. መጠኑ። እኔ 72 ኪሎ ነኝ። የፊት ክንፌ ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። መሐሉ ላይ ወርዱ 22፣ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ተኩል ይሆናል። ቪዲዮ ላይ ያየኸው ቀጭን የውድድር ክንፍ አያጓጓህ። ፍጥነትህ በግማሽ ከቀነሰ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሳት አራት እጥፍ ስፋት ያስፈልግሃል። ሰፊ ክንፍ ከሠራህ ጀልባው ቀስ ብሎ ሲጎትትህም ትነሳለህ፤ ቀስ ብለህ ስለምትሄድ ብትወድቅም ጉዳቱ ያንሳል።

2. እንጨቱ። ዋንዛ ግዛ። ቀላል ነው፤ ለመላጊያም ይታዘዛል። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ተወው፤ የፋይበር ግላስ ባለሙያዎች የለመዱት ማጣበቂያ፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ ሲነካው ይቀልጣል።

3. ማጣበቂያው። የፋይበሩን ጨርቅ ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀው ኢፖክሲ ነው፤ ሬዚኑ ሃርድነር ከሚባለው ማድረቂያ ጋር ሲቀላቀል ይጠነክራል። እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው።

ጊዜው ነሐሴ ነበር። የምሠራው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ሌሊቱን ሙሉ ይበርዳል። ሰፈራችን ውስጥ የውሃ ታንከርና የመኪና ኮፈን ሲጠግን የኖረ ባለሙያ አለ። እጁ ወርቅ ነው፤ ጨርቁን ሲያነጥፍ አንዲት የአየር አረፋ አይተውም። ኢፖክሲውን ስንበጠብጥ «ብርድ ነው፣ ሃርድነሩን ጨመር አድርግበት» አለኝ። ጨመርኩ።

እሱ የሚያውቀው ፖሊስተር ነው። የፖሊስተር ሃርድነር እንደ እርሾ ነው። ጥቂት ጠብ ይደረጋል፤ በብርድ ጊዜ ትንሽ ቢበዛ ሊጡ ቶሎ ይነሳል እንጂ አይበላሽም። ኢፖክሲ እንደዚያ አይደለም። ሃርድነሩ ራሱ የአካሉ ክፍል ነው። ሲሚንቶ ላይ ውሃ ሲበዛ እንደሚሆነው፣ የተረፈው የሚይዘው አጥቶ ውስጡ ይቀራል። ቢከርም እንደ ጎማ ይለመጣል።

ጠዋት ስመጣ ክንፉ ያብረቀርቃል። በጣም ያምር ነበር። ጥፍሬን ስጫነው ግን ምልክቱ ቀረ። አይቼዋለሁ! «ፀሐይ ሲያገኝ ይደርቃል» ብዬ አለፍኩት። እስካሁን የሚቆጨኝ ያቺ ጠዋት ናት።

ቢሾፍቱ ወዳለው ባቦጋያ ሐይቅ ወረድን። ሦስተኛው ጉተታ ላይ ተነሳሁ። ከቦርዱ ሥር የውሃው ድምፅ ጠፋ። ያንን ጸጥታ ስታገኘው ታውቀዋለህ። ለጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ቀጭ አለ። የፋይበሩ ቆዳ ከእንጨቱ ተገሽልጦ፣ ቡሎኖቹ ዋንዛውን ቀደው ወጡ። ባለጀልባው ተንሳፍፎ ያገኘውን ስብርባሪ ሰብስቦ ሰጠኝ። ሬዚኑን፣ ጨርቁን፣ የጀልባና የመኪና ኪራዩን ስደምር 38 ሺህ ብር ነው።

የሁለተኛው ክንፍ ሃርድነር ከውጭ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቢሮ ያዘው። አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ ሳታየኝ «ምን ዓይነት ኬሚካል ነው?» ትላለች። ለክንፍ ነው ስላት ጎን ካለው ባልደረባዋ ጋር ሳቁ። ሰው በገዛ ገንዘቡ አንድ ነገር ልሥራ ሲል ለምን ይሳቅበታል? በመጨረሻ የፈታልኝ አምራቹ ድረ ገጹ ላይ የሚያወጣው የደህንነት መረጃ ወረቀት ነው። አንተ ገና ስታዝ አትመህ ያዘው።

ስለዚህ ብርዱን ራሱን አስወግድ እንጂ ሃርድነሩን አትንካ። እኔ ከኮምፔንሳቶ ሳጥን ሠርቼ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ሁለት የድሮ ባለክር አምፖሎች ውስጡ አበራሁ፤ ክንፉንም ሆነ ልብሱን እንዳይነኩ በሽቦ አራቅኳቸው። በቴርሞሜትር እያየሁ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አንድ ቀን ሙሉ ያዝኩት። መብራት ቢጠፋም ከሰል እንዳታስገባ፤ ዝግ ቤት ውስጥ ጭስ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። መብራት እስኪመጣ ጠብቅ፤ ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። ሱሉልታ ከገላን ስለሚበርድ ሳጥኑ ለአንተ የግድ ነው። ልኬቱን በዓይን ሳይሆን በግራም ሚዛን አድርገው። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው በክብደት (በግራም) ነው ወይስ በይዘት (በሚሊ ሊትር) የሚለውንም ለይ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከበጠበጥከው ትንሽ በሲኒ አስቀርተህ ከክንፉ ጎን አስቀምጥ። ሲኒው ላይ ጥፍርህ ምልክት ካወጣ ክንፉን አትንካው። የደረቀው ክንፍ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ካየህ፣ ሌላ ጨርቅ ከመደረብህ በፊት በሳሙናና በውሃ እጠበው።

የኋላውን ትንሽ ክንፍ በማጣበቂያ አትድፈነው። በቡሎንና በዳዶ እሰረውና ሥሩ ቀጭን ሮንዴላ እያስገባህ ዘንበሉን አስተካክል። የአንድ ዲግሪ ልዩነት የቦርድህን አፍንጫ ውሃ ውስጥ ይተክለዋል። የእኔ የተስተካከለው በሁለት ሮንዴላ ነው። ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት ሳታደርግ ደግሞ እንዳትነሳ። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ስትል ይጠልቃል። ክንፉም ስለት ነው።

ሁለተኛውን ክንፍ ጥር ላይ ሞከርኩት። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሳልወድቅ ተሻገርኩ። ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ አጨበጨበልኝ።

የክንፉን ቅርጽ በላሜራ ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ገላን መጥተህ እንጨትህ ላይ አስምረህ ሂድ፤ ገንዘብ አልፈልግም። ኪሎህን ብቻ ቀድመህ ጻፍልኝ፤ ከ80 በላይ ከሆንክ ወርዱን እናሰፋዋለን።