ፋይበር ከገባ በኋላ የድሮውን የስልክ ገመድ ምን እናድርገው?

ጥያቄ፦ ቤታችን ፋይበር ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። የድሮው የመደበኛ ስልክ ገመድ ግን ከምሰሶው እስከ ጣሪያችን ጠርዝ እንደተንጠለጠለ አለ። ሳሎን ውስጥ በግድግዳው ግርጌ በሚስማር ተይዞ ይዞራል፤ ሁለቱ መኝታ ቤቶችም የስልክ ሶኬት አላቸው። ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ነው፤ ቀለም ቀቢው «ሁሉንም በጣጥሼ ልጣልላችሁ» ይላል። ኢንተርኔታችን ይቋረጥ ይሆን? (ከገርጂ)

መልስ፦ ቀለም ቀቢው ለጊዜው ፒንሳውን ያስቀምጥ። የመዳቡም (የድሮው ስልክ) የፋይበሩም ገመድ ከውጭ ሲታይ ጥቁር ነው፤ ሁለቱም ጎናቸው ላይ የሚሸከማቸው የብረት ሽቦ አለ፤ ብዙ ጊዜም በአንድ መንጠቆ ተሰቅለው በአንድ ቀዳዳ ይገባሉ። አንዳንድ ቤት ደግሞ ፋይበሩ ከአሮጌው ገመድ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠፍሮ ነው የመጣው። እንዲህ ከሆነ መዳቡን ቆርጦ የጎተተ ሰው ፋይበሩንም ይዞት ይወርዳል።

ስለዚህ ከውስጥ ጀምረው ወደ ውጭ ይከተሉ። የፋይበሩ ሳጥን (በተለምዶ «ሞደም» የምንለው) ከበታቹ ወይም ከኋላው አረንጓዴ ራስ ያለው ቀጭን ገመድ ገብቶበታል። እሱን አይንቀሉት። ጫፉ ላይ ያረፈች ብናኝ ብርሃኑን ታዳክመዋለች፤ ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ሌዘር ስለሆነም ወደ ጫፉ አትኩሮ ማየት አይገባም። ይህን ገመድ እስከ ውጭ ግድግዳው ድረስ በዓይንዎ ይከተሉትና በየሁለት ሜትሩ ባለ ቀለም ናስትሮ ይጠቅልሉበት፤ ይህ «አትንካ» ነው። ልባሱ ላይ «ጂ 657» የሚል ጽሑፍ ካገኙ ፋይበር መሆኑ አያጠራጥርም። መዳቡ ግን መጨረሻው የስልክ ሶኬት ነው፤ ሶኬቱ ሲከፈት በብሎን የታሰሩ ሁለት ወይም አራት የመዳብ ሽቦዎች ይታያሉ።

ቀጥሎ መዳቡ በእርግጥ ሥራ ፈት መሆኑን ያረጋግጡ። ተራ የጠረጴዛ ስልክ በየሶኬቱ እየሰኩ ድምፅ ይስሙ። ቴስተር ካለዎት ዲሲ 200 ላይ አድርገው ሁለቱን ሽቦዎች ይለኩ። 48 ቮልት አካባቢ ካሳየ መስመሩ ከስልክ ማዕከሉ አልተቋረጠም፤ ዜሮ ማሳየቱ ብቻውን ግን ሞቷል ማለት አይደለም፣ መሃል ላይ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። 48 ቮልት ብዙም አይጎዳም። ጥሪ ሲመጣ ግን እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣበታል፤ መሰላል ላይ ሆኖ እርጥብ እጅ ላለው ሰው ያ ለመውደቅ ይበቃል። መስመሩ ሕይወት ካለው አስቀድመው ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውለው ወይም ሱቃቸው ሄደው አገልግሎቱን ያዘጉ። ገመዱን መቁረጥ ውሉን አይቆርጠውም፤ ሒሳቡ መቁጠሩን ይቀጥላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ስልክ ቁጥርዎ ወደ ፋይበር ተዛውሮ ከሆነ ድምፁ አሁን የሚወጣው ከፋይበሩ ሳጥን የስልክ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ቀዳዳ ወደ ግድግዳ ሶኬት የሄደ አጭር ገመድ ካለ፣ የቤቱ የድሮ ሽቦ አሁንም የመኝታ ቤቱን ስልክ እያገለገለ ነው። ያኔ የሚለየው ከውጭ የሚመጣው ብቻ ነው፤ መለየቱም የግድ ነው። የማዕከሉ 48 ቮልትና የሳጥኑ የራሱ ቮልት በአንድ ሽቦ ከተገናኙ ተጎጂው ሳጥኑ ነው። ፋክስ፣ የማንቂያ ደወል ወይም የበር ኢንተርኮም በዚሁ ሽቦ ላይ መኖሩንም ይዩ።

ከምሰሶው እስከ ቤትዎ ያለው የድርጅቱ ንብረት ነው፤ እንዲያነሱት ይጠይቁ። ምሰሶ ላይ መውጣት በፍጹም አይታሰብም፤ በብዙ ሰፈር የመብራት መስመሩ በክንድ ርቀት ነው። ሆኖም ተንጠልጥሎ መክረሙም ጥሩ አይደለም። በክረምት መብረቅ አካባቢው ላይ ሲጥል ይህ ረጅም መዳብ ኃይሉን ሰብስቦ ወደ ሳሎን ያስገባዋል። እስኪያነሱት ድረስ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ይቁረጡት። ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ ፒንሳው ያገናኛቸውና ማዕከሉ ስልክ የተነሳ ይመስለዋል። አንዱን ይቁረጡ፣ በናስትሮ ይጠቅልሉ፣ ከዚያ ሌላውን።

ሳሎን ውስጥ በሚስማር የተያዘው ቀላል ነው። ከጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሥር ቀጭን ጣውላ ወይም ያረጀ የባንክ ካርድ ያድርጉና የሚስማሩን ራስ ቀስ አድርገው ያንሱ፤ ያለዚያ የልስኑ ቅርፊት አብሮ ይነሳል። ቀዳዳውን በስቱኮ ይድፈኑ፤ ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ሽቦው በቀጥታ በልስን ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ግን እዚያው ይቅር፤ ለማውጣት ግድግዳ መፈልፈል ለሥራ ፈት መዳብ የማይገባ ክብር ነው። ጫፎቹን ነጣጥለው ይጠቅልሉ፣ ሶኬቱን አንስተው ድፍን ክዳን ይግጠሙበት።

በቱቦ ውስጥ የሚሄደውን ደግሞ ባዶውን ስቦ ማውጣት ስህተት ነው። ያ ሽቦ ነገ ለሚፈልጉት የኔትወርክ ገመድ የተዘጋጀ መሳቢያ ነው። ዛሬ አዲስ ገመድ ባይኖርዎትም ጫፉ ላይ የናይለን ገመድ አስረው በምትኩ ያሳልፉ። አዲሱን የኔትወርክ ገመድ ሲያስሩ የሁለቱንም ልባስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግፈፉ፣ ሽቦዎቹን አቆላልፈው ያጥፉ፣ ከዚያ ቋጠሮው እንደ እርሳስ ጫፍ እየሾጠጠ እንዲሄድ በናስትሮ ይጠቅልሉ። ጉብ ያለ ቋጠሮ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይቀረቀራል። ፈሳሽ ሳሙና ይቀቡት፤ አንድ ሰው ይግፋ፣ አንዱ ይሳብ። እምቢ ካለ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው ይሞክሩ፤ በጉልበት መሳብ ሽቦውን መሃል ላይ ይበጥሰዋል፣ ቱቦውም ተዘግቶ ይቀራል። ስካቶላውን ሲከፍቱ የመብራት ሽቦ አብሮ ካለ እጅዎን ያንሱና ቆጣሪውን አጥፍቶ የሚሠራ ባለሙያ ይጥሩ፤ የኔትወርክ ገመድ ከመብራት ጋር በአንድ ቱቦ አይሄድም።

መዳቡ ሲወጣ የግድግዳው ቀዳዳ ለፋይበሩ ይሰፋዋል፤ ዝናብና ጉንዳን ይገባበታል። በሲሊኮን ይድፈኑት እንጂ በሲሚንቶ አይሆንም፤ ሲሚንቶ ሲደርቅ ገመዱን ይጨብጠዋል፣ ዳግመኛም አይነሳም። ፋይበሩ ከመግባቱ በፊት ውጭ ላይ ትንሽ ወደ ታች ቀለስ ቢል ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል። የትም ቦታ ላይ ከቡና ሲኒ አፍ ጠብቦ አይታጠፍ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሳጥኑን መብራቶች ፎቶ አንሱ። «ፖን» የሚለው ረግቶ የበራ፣ «ሎስ» የሚለው የጠፋ መሆን አለበት። በሳጥኑ የቅንብር ገጽ የሚቀበለው የብርሃን መጠን በዲቢኤም ይታያል፤ ከ8 እስከ 27 ኔጋቲቭ ውስጥ መሆን ይገባዋል። ጠዋት ኔጋቲቭ 19 የነበረው ማታ ኔጋቲቭ 24 ካሳየ ኢንተርኔቱ ቢሠራም አንድ ቦታ ገመዱ ተጣጥፏል ወይም ቀለም ቀቢው መሰላሉን አቁሞበታል ማለት ነው። «ሎስ» ቀይ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ጨርሶ አልደረሰም፤ ያንን በናስትሮ መቀጠል አይቻልም፣ መስታወቱን በልዩ ማሽን የሚያቀልጥ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፋይበራችን ማታ ማታ ይጎተታል። የድሮው ስፕሊተርና የስልክ ሽቦ እየረበሸው ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይረብሸውም። ፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ስለሆነ አጠገቡ ያለ መዳብ አይነካውም። ስፕሊተሩ የድምፁንና የድሮውን የኤዲኤስኤል ኢንተርኔት ድግግሞሽ ይለይ ነበር፤ አሁን ሥራ የለውም፣ ይጣል። ፍጥነቱን ለመፈተሽ ላፕቶፕዎን በገመድ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙና ማታ ይለኩ። በገመድ ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከወረደ ችግሩ ከዋይፋዩ ነው፤ ምናልባትም የሳጥኑ አቀማመጥ ነው። ሳጥኑ ቴሌቪዥን ጀርባ የተቀመጠው የድሮው የስልክ ሶኬት እዚያ ስለነበረ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፎቅ ላይ ዋይፋይ አይደርስም። ወደ ላይ የሚወጣውን የስልክ ሽቦ ለኔትወርክ ልጠቀምበት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሶኬቱን ይክፈቱና ይቁጠሩ። ሁለት ወይም አራት ሽቦ ከሆነ አይሆንም፤ የጊጋቢት ፍጥነት ስምንቱንም ሽቦዎች፣ ማለትም አራት ጥንድ ይፈልጋል፣ ተራ የስልክ ሽቦም ጥንዶቹ በበቂ አልተጠማዘዙም። ስምንት ሽቦ ካለውና ልባሱ ላይ «ካት 5ኢ» ወይም ከዚያ በላይ ከተጻፈ ግን እድለኛ ነዎት፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ የአርጄ 45 (የኔትወርክ) ሶኬት ይግጠሙ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ መስመሩ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እየተቀጣጠለ የሚዞር ሳይሆን ያለ ቅጥያ ከታች እስከ ላይ አንድ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የገዛነው ቤት ውጭ ግድግዳው ላይ ግራጫ የስልክ ሳጥን አለው፤ እኛ ያለን ፋይበር ብቻ ነው። ውስጡን መነካካት እንችላለን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የደንበኛው ወገን ተብሎ የተጻፈበትን ክዳን ብቻ ይክፈቱ። ውስጡ ቀዳዳ ላይ የተሰካ ትንሽ የስልክ መሰኪያ አለ፤ እሱን መንቀል ቤቱን ከውጭው መዳብ ይለያል፣ መቁረጥ አያስፈልግም። የማንቂያ ደወል ካለዎት ከዚያ በፊት ከጥበቃ ድርጅቱ ጋር ተነጋግረው ወደ ሞባይል ወይም ወደ ኢንተርኔት ያዛውሩት። አለዚያ ደወሉ ቤት ውስጥ ይጮሃል፣ ውጭ ግን ማንም አይሰማም።

ጥያቄ፦ ድሮ መብራት ሲጠፋ የቤት ስልካችን ይሠራ ነበር። ፋይበር ከገባ ወዲህ አብሮ ይጠፋል። ተበላሽቶ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አልተበላሸም። መዳቡ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪኩንም ከማዕከሉ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ብርሃን ግን ስልክ አያንቀሳቅስም። ለሳጥኑ አነስተኛ የዲሲ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይግዙ። ከመግዛትዎ በፊት የሳጥኑን ቻርጀር ገልብጠው ያንብቡ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ አምፔሩ ደግሞ 1 ወይም 1.5 ነው። የዩፒኤሱ ቮልት እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የመሰኪያው ውፍረትም ልክ መሆን አለበት። ዋይፋዩ የሚወጣው ከሌላ ራውተር ከሆነ ሁለት መውጫ ያለውን ይምረጡ። ስልኩ ገመድ አልባ ከሆነ መቀመጫው ራሱ መብራት ስለሚፈልግ፣ ከሳጥኑ ጋር በቀጥታ የሚሰካ ተራ ባለ ገመድ ስልክ አጠገቡ ይኑር።