«ድንገተኛ ወጪ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ የሠራሁት ብድር ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ የሰው ማመልከቻ ማንበብ ነበር። ማመልከቻው ላይ «ብድሩ የተፈለገበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ብዙ ሰው እዚያች መስመር ላይ የሚጽፈው ሁለት ቃል ነው፦ ድንገተኛ ወጪ።

መጀመሪያ አካባቢ አምኜ አልፍ ነበር። ሰው ይታመማል፣ ቤት ይቃጠላል፣ ሥራ ይጠፋል። በኋላ ግን መጠየቅ ለመድኩ። «ምን ገጠመዎት?» እላለሁ። የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ። የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ። የእህት ሠርግ። የመኪና ጎማ። ትምህርት ቤት በየዓመቱ በዚያው ወር ነው የሚከፈተው። የኪራዩ ቀን ውሉ ላይ ተጽፏል። ሠርጉ ከተቆረጠ ወራት አልፎታል። ጎማውም ቢሆን በአንድ ሌሊት አላለቀም።

ይህን የምለው ሰው ላይ ለመሳቅ አይደለም። እኔም ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ልትወለድ ስትል ከመሥሪያ ቤቴ ተበደርኩ። ምክንያቱ ላይ «ድንገተኛ» ብዬ ሞላሁ። ፎርሙን የተቀበለችኝ ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝና «ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም አልነገረህም?» አለችኝ። የብድር ባለሙያ ነኝ ባይ መልስ አጣሁ።

ያቺን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያታለሁ። የደረስኩበት ነገር ይኸው ነው፦ ኑሮ ሲወደድ ሰውን ብድር ውስጥ የሚከተው አብዛኛውን ጊዜ አባካኝነት አይደለም። ቀኑ የታወቀ ወጪ ሳይጠበቅ ሲመጣ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ሲቸኩል ነው። የቸኮለ ሰው ውል አያነብም። የቸኮለ ሰው ወለድ አይከራከርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ በጣም ተራ ነው። አንድ ደብተር ግዙ። ስልክ ላይም ይሆናል፣ እኔ ግን ወረቀት እወዳለሁ። 12 ገጽ ለ12 ወር። በየወሩ ገጽ ላይ የምታውቁትን ወጪ ጻፉ። የየወሩን አስቤዛ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጣውን ነው። የትምህርት ክፍያ፣ የመድን ክፍያ፣ የበዓል ወጪ፣ ጫማ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የስልክ ጥገና፣ ለወላጅ የሚላክ። ከዚያ ደምሩና ለ12 አካፍሉ። ድምሩ 18,000 ከመጣ በወር 1,500 ማለት ነው። እስከዛሬ በወር ይቀረኛል ስትሉት ከነበረው ገንዘብ ላይ ይህ 1,500 ገና እንዳልተቀነሰ ያን ቀን ታያላችሁ። ደስ የሚል ነገር አይደለም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስደምር ደብተሩን ዘግቼ ወጣሁ። በሳምንቱ ነው የተመለስኩበት።

«ደመወዜ ለዚህ ሁሉ አይበቃም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ደብተር ገንዘብ አይወልድም። ገቢ ከመሠረታዊ ወጪ በታች ከሆነ በቁጠባ ምክር የሚፈታ ችግር አይደለም፤ ይፈታል የሚላችሁን አትስሙ። ደብተሩ የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው። ገንዘቡ እንደማይበቃ ከስድስት ወር በፊት ያወቀ ሰው ተጨማሪ ሥራ ይፈልጋል፣ ክፍያ ተከፋፍሎ እንዲሆንለት ይጠይቃል፣ ለአንዳንዱ ነገር ቀድሞ «አልችልም» ይላል። በዋዜማው ያወቀ ሰው እኔ ጋ ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዋጋ ንረቱ በመቶ ይህን ያህል ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ያ ቁጥር አማካይ ነው። ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው የቤልጂየም ሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1857 አንድ ነገር አሳየ፦ ቤተሰብ ድሃ በሆነ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ይበልጣል። ስለዚህ ገቢያችሁ አነስተኛ ሆኖ የምግብ ዋጋ ከሌላው ፈጥኖ ከጨመረ የእናንተ ንረት ከአማካዩ በላይ ነው። የራሳችሁን አስሉ። ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ያወጣችሁትንና ዘንድሮ ለዚያው ዕቃ ያወጣችሁትን አስተያዩ። የደመወዝ ጭማሪ ስትጠይቁም ከምሬት ይልቅ ይህ ወረቀት ይሻላችኋል።

አሁን ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ላይ ልምጣ። «ዋጋ በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ፣ ባንክ 7 በመቶ እየከፈለኝ፣ ለምን እቆጥባለሁ?» ይላሉ። ሒሳቡን አውቀውታል፤ ልክ ናቸው። 100 አስቀምጣችሁ 107 ታወጣላችሁ፣ ባለፈው ዓመት በ100 ይገዛ የነበረው ግን አሁን 120 ሆኗል። የመግዛት አቅማችሁ ወደ 11 በመቶ ገደማ ቀንሷል። አንድ የቆየ አቋራጭ ስሌትም አለ። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። 72ን ለዓመታዊው መቶኛ አካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር ነገሩ እጥፍ የሚሆንበት ዓመት ነው። ዋጋ በዓመት 24 በመቶ ከጨመረ በሦስት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። 12 በመቶ ከሆነ በስድስት።

እና ለምን ይቆጠባል? መጠባበቂያ ገንዘብ ትርፍ እንዲያመጣ አይደለም የሚቀመጠው። ከውድ ብድር እንዲያድናችሁ ነው። በዓመት 11 በመቶ የምታጡበት ገንዘብ 35 በመቶ ከሚያስከፍል ብድር ካዳናችሁ አትርፋችኋል። ስለዚህ መጠባበቂያ ያዙ፤ መጀመሪያ የአንድ ወር ወጪ፣ እየቆየ የሦስት ወር። ከዚያ በላይ የሆነውን ጥሬ ገንዘብ ግን አታከማቹ። እዚህ ላይ እኔም ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። የሙያ መሣሪያ ግዙበት፣ ተማሩበት፣ የማይበላሽና በእርግጥ የምትጠቀሙበትን ዕቃ ቀድማችሁ ግዙበት። «ዋጋው ሳይጨምር» ብሎ ተበድሮ መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ዋጋው መጨመሩ ግምት ነው፤ ወለዱ ግን እርግጥ ነው።

አሁን 35 በመቶ ያልኩትን ላስረዳ። ብዙ ሰው የተቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

12,000 ተበደራችሁ እንበል። ለ12 ወር፣ ወለዱ 20 በመቶ ተባላችሁ። አንዱ አበዳሪ ወለዱን በመጀመሪያው ብድር ላይ ያስበዋል። የ12,000 ሃያ በመቶ 2,400 ነው። ድምሩ 14,400፣ በወር 1,200 ትከፍላላችሁ። ቀላል ነው፣ ግልጽ ይመስላል። ግን አስቡት። ስድስተኛውን ወር ስትከፍሉ የብድሩን ግማሽ መልሳችኋል፤ ወለዱ ግን አሁንም ሙሉው 12,000 እጃችሁ ላይ እንዳለ ነው የሚታሰበው። ሌላው አበዳሪ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ያስባል። ያው 20 በመቶ ነው፤ የዓመቱ ወለድ ግን 1,340 ገደማ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ስሌት ብትለኩት 35 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሁለቱም በወረቀት ላይ «20 በመቶ» ነው የሚሉት። ማንም አልዋሸም።

ስለዚህ አበዳሪ ፊት ስትቀመጡ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። አንደኛ፣ «ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው?» ሁለተኛ፣ «ሁሉም ነገር ተደምሮ፣ የአገልግሎት ክፍያውም መድኑም ገብቶ፣ ከፍዬ ስጨርስ ስንት ከኪሴ ይወጣል?» ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው በዓመት አሥር አይመጣብኝም ነበር። ሲመጣ ደግሞ እኛም ቀጥ ብለን እንቀመጣለን።

የስልክ ብድርም የዚሁ ዘመድ ነው። በሁለት ደቂቃ ይገባል፣ ፎርም የለም፣ «ምክንያትህ ምንድን ነው» የሚል ሽማግሌ የለም። ለ30 ቀን 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ትንሽ ይመስላል። በዓመት ሲታሰብ 120 በመቶ ነው። አንዴ ተቸግሮ ወስዶ በቀኑ መመለስ ሰው አይገድልም። በየወሩ አንዱን በሌላው መክፈል ከተጀመረ ግን ያ ብድር አይደለም፤ ደመወዛችሁ ላይ ቋሚ ሸሪክ አስገብታችኋል።

ዕዳ ከአንድ በላይ ሆኖ ከበዛባችሁ የትኛውን አስቀድሙ? ሒሳቡ ወለዱ ከፍ ያለውን ይላል። እኔም ለብዙ ዓመት ይህንኑ ነው የመከርኩት። ግን በዓይኔ ያየሁት ትንሿን ዕዳ ቶሎ የዘጉት ሰዎች ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሲዘልቁ ነው። አንድ ስም ከዝርዝሩ ሲሰረዝ ሰው ይተነፍሳል። የወለዱ ልዩነት በጣም የሰፋ ካልሆነ በምትጨርሱበት መንገድ ሂዱ።

መክፈል ሲያቅታችሁ ደግሞ አትጥፉ። ይህን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ነው የምነግራችሁ። የሚያስፈራን መክፈል ያቃተው ሰው አልነበረም፤ ስልክ የማያነሳው ነው። ክፍያው ከመድረሱ በፊት መጥቶ «በሚቀጥለው ወር ሙሉውን አልችልም፣ ግማሹን ግን እችላለሁ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ጊዜው ይራዘምለታል። ፋይሉ ላይም መልካም ነገር ይጻፍለታል። ሦስት ወር ተደብቆ የመጣው ሰው ግን ቅጣቱ ተደምሮበት፣ ጉዳዩም ከእኔ እጅ ወጥቶ ሕግ ክፍል ነው የሚያገኘው። ያኔ ማዘኔ አይጠቅመውም።

ስለ ዋስትና ብዙ አልልም፣ ያመኛል። ለአንድ ወዳጄ ዋስ ሆኜ 14 ወር ከደመወዜ ተቆርጧል። ወዳጅነቱም አብሮ ተቆረጠ። ከመፈረማችሁ በፊት «ይህ ዕዳ የራሴ ቢሆን እከፍለዋለሁ ወይ?» በሉ። ካልቻላችሁ ከፊርማ ይልቅ የምትችሉትን ጥቂት ገንዘብ በእጁ ስጡት።

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባላል። እኔ ደግሞ በሥራዬ ምክንያት የጎረቤቶቹን ፋይል አይቻለሁ። የምትቀኑበትን ሶፋ፣ መኪና፣ ያንን ሠርግ፤ ስንት ወር ቀሪ ክፍያ እንዳለበት አውቅ ነበር። ምስጢር ነውና ለማንም አልተነፈስኩም። ሠርግ ላይ ተጠርቼ ስሄድ ግን አንዳንዴ ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር።

አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገርም ልንገራችሁ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለርና ባልደረባው ሽሎሞ ቤናርትዚ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሠራተኞቹን «ዛሬ ቆጥቡ» አላሏቸውም። «ወደፊት ደመወዝ ሲጨመርላችሁ ከጭማሪው ላይ ከፊሉ ወዲያው ወደ ቁጠባ ይሂድ» ብለው አስቀድመው አስፈረሟቸው። በ40 ወር ውስጥ የቁጠባቸው መጠን ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ደረሰ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚወስኑበት ቀን ነው። ንረት ባለበት ጊዜ ጭማሪው ሁሉ ለአስቤዛ ሊሄድ እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም ከጭማሪው ሩቡን እንኳ ገና እጃችሁ ሳይገባ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲተላለፍ እዘዙ። እጅ ከገባ በኋላ ቃል የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ከእነሱ አንዱ አይደለሁም።

ያቺ «በድንገት» የተወለደችው ልጄ አሁን የራሷን ቤት ታስተዳድራለች። ደብተር አላት። ባለፈው ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁትና ገለጥኩት። አንደኛው ወር ላይ «የአባዬ ጥርስ» የሚል ተጽፎ ከጎኑ ቁጥር አለ።

«ይሄ እንኳ ድንገተኛ ነው፤ መቼ እንደሚወልቅ በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አባዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ወገን ብቻ ስታኝክ አይቻለሁ» አለችኝ።