አፍንጨ ሹሏን ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ጌራ ናቸው። ለዕረፍት ቤት ሄጄ ድመታችን አይጥ የምትመስል፣ ግን አፍንጫዋ ረዘም ብሎ የሾለ ትንሽ እንስሳ ገድላ ደጃፍ ላይ ጥላት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ስለነሱ ማንበብ አላቆምኩም። የመመረቂያ ጽሑፌንም በነሱ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። እናቴ ግን ‹ለአይጥ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?› ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ አጋሮ ላይ ከሱ ጋር ቡና ንግድ እንድገባ ይፈልጋል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሥሪው። ግን በጽሑፉ መጨረሻ ስለ እንስሳዋ ከማወቅሽ በላይ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው የእጅ ሙያ ይዘሽ መውጣት አለብሽ። ምክሬ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ አይጥ አይደለችም፤ አፍንጨ ሹል (በእንግሊዝኛ shrew) የምትባል ሌላ እንስሳ ናት። አይጥ ከፊት እንደ መሮ የተሳሉ ጥርሶች አሏት፤ ከነሱ ኋላ ክፍት ቦታ አለ። አፍንጨ ሹሏ ግን ከፊት እስከ ኋላ በሾሉ ትንንሽ ጥርሶች የተሞላ አፍ ነው ያላት። እህል አትፈጅም። ምግቧ ነፍሳትና ትል ነው። ልቧ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ትመታለች፤ ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ትበላለች፣ ጥቂት ሰዓት ጾም ከዋለች ትሞታለች። ድመታችሁ ገድላ ያልበላቻትም ወዳ አይደለም። ከጎንና ጎኗ ያሉት ዕጢዎች መጥፎ ጠረን አላቸው።

የኛ አገር ሰው ዋሊያና ቀይ ቀበሮን ያውቃል። በደጋው ደን ቅጠል ሥር ግን ሌላ ቦታ የሌሉ አፍንጨ ሹሎች አሉን። የባሌው ሀረና ደን ዝርያ በሳይንስ ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሁለት አዳዲስ የኢትዮጵያ ዝርያዎች ተመዘገቡ፤ አንዷ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ስም ተጠርታለች። አስቢው፣ 2016 ትናንት ነው። አንቺ ደግሞ በለጠ ጌራን የሚያህል ደን አጠገብ ተወልደሻል፤ አፋን ኦሮሞሽ አፍ መፍቻሽ ነው፣ ገበሬው ማሳው እንድትገቢ የሚፈቅደው ለልጁ ነው። ይህን ሌላው ተመራማሪ በገንዘብ አይገዛውም።

አሁን ወደ ሥራው። «የበለጠ ጌራ አፍንጨ ሹሎች» የሚል ርዕስ ይዘሽ አማካሪሽ ቢሮ አትግቢ፤ ሰፊ ነው፣ አትጨርሺውም። አጥብቢው። ቡና በጥላ ሥር ሲለማ ገበሬው ቁጥቋጦውን ይመነጥራል። ቁጥቋጦው ሲጠፋ መሬት ላይ የሚረግፈውም ቅጠል ይቀንሳል፣ ከቅጠሉ ሥር ያለውም ትል አብሮት። ታዲያ በተመነጠረው የቡና ደንና ባልተነካው መካከል በምንይዛቸው እንስሳት ላይ ልዩነት አለ ወይ? ጥያቄሽ ይሄ ይሁን። ቡና የጅማ ሕይወት ስለሆነ መልሱን መስማት የሚፈልግ ብዙ ነው።

መሣሪያው ውድ አይደለም። ባልዲ ትቀብሪያለሽ፤ አፉ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፣ አንድ ጣት እንኳ ከፍ ካለ ዞራው ትሄዳለች። በባልዲዎቹ መሀል ላስቲክ እንደ አጥር ትዘረጊያለሽ፤ እንስሳዋ አጥሩን ተከትላ ስትሮጥ ትወድቃለች። የባልዲውን ታች ብሺው፣ አለበለዚያ የኛ ዝናብ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ያሰጥማታል። ውስጡ ደረቅ ቅጠልና ትንሽ ምግብ አስቀምጪ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊትም ተነስተሽ እያየሽ ልቀቂ። ማታ ቀብሮ ጠዋት መምጣት ሬሳ መሰብሰብ ነው፤ እንደዚያ የምታደርጊ ከሆነ ባትጀምሪው ይሻላል። ጓንትም አትርሺ።

ስለ ጓንት ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ቻይና ውስጥ ላንግያ የተባለ አዲስ ቫይረስ 35 ሰዎች ላይ መገኘቱ ተዘግቦ ነበር። በእንስሳት ላይ ሲፈለግ በብዛት የተገኘው አፍንጨ ሹል ላይ ነው። ለዚህ ነው ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ የሚያጠኑ ሰዎች ትንንሽ አጥቢዎችን መያዝና መለየት የሚችል ባለሙያ የሚፈልጉት። ጅማ የጤናም የእንስሳት ሕክምናም ትምህርት ያለባት ከተማ ናት። ሄደሽ በር አንኳኪ፤ ማስተርስሽ በዚያ በኩል ሊመጣ ይችላል።

ሌሎቹ በሮች እነዚህ ናቸው፦ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች። መንገድ ወይም ግድብ ሊሠራ ሲል እዚያ ምን እንደሚኖር የሚመዘግብ ሰው ይቀጠራል። እዚያ የሚጠይቁሽ ስለ አንዲት እንስሳ አይደለም። ጂፒኤስ (ቦታን በመሣሪያ መለየት)፣ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራት)፣ ዳታ መተንተን፣ በእንግሊዝኛ ንጹሕ ሪፖርት መጻፍ ነው የሚጠየቀው። ይሄ ሁሉ በአንድ የባልዲ ሥራ ውስጥ ይገኛል፣ ካወቅሽበት።

አልዋሽሽም፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ እዚህ መስክ መቀጠር ከባድ ነው። ክፍት ቦታው ጥቂት ነው፤ ማስተርስ ሳትይዢ ወዲያ ወዲህ ማለት ይበዛል። እናትሽ የሚፈሩት ይህንን ነው፤ ፍርሃታቸውም እውነት አለው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመውጫ ፈተናውን እለፊ። ያለሱ ባልዲውም ጽሑፉም ዋጋ የለውም።

የአጎትሽን ነገር እምቢ አትበይ። ቡና በሚገባበት ወቅት ሄደሽ አግዣቸው። የባልዲና የትራንስፖርት ወጪሽ ከዚያ ይወጣል፤ ከገበሬዎቹም ጋር ትተዋወቂያለሽ፣ እነዚሁ ሰዎች ነገ ማሳቸው ላይ ባልዲ እንድትቀብሪ የምትለምኛቸው ናቸው። ቋሚ ሥራ አድርጊው ካሉሽ ግን ጽሑፍሽን እስክትጨርሺ ጊዜ ስጡኝ በያቸው።

በዚህ ሳምንት አማካሪሽን አግኚና የፈቃድ ደብዳቤ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ ፈቃዱ ደግሞ ይዘገያል፣ ዛሬ ካልጀመርሽ ክረምቱ ይቀድምሻል። ዕቅድሽን በሁለት ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።